በፍላሽ የመጣ እንግዳ

የማይታመንን ፕሮግራም ከልሎ የመሞከር ታሪክ የሚጀምረው ከወለጋ ርቆ ነው፤ መነሻውም ቫይረስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ የሚሠሩ የአይቢኤም ተመራማሪዎች አንድን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው የሚያዳርሱበት መላ ይፈልጉ ነበር። ኮምፒውተር ያኔ ክፍል ሙሉ የሚይዝ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ ዕቃ ነው። ያገኙት መላ ደፈር ያለ ነበር፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉውን ኮምፒውተር ብቻውን የያዘ እንዲመስለው ማድረግ። ሲፒ-40 የተባለው ሥርዓት በ1967 ሥራ ጀመረ፤ በነሐሴ 1972 ደግሞ ኩባንያው ተከታዩን ቪኤም/370 ብሎ ለገበያ አቀረበው። ማሽን ውስጥ ያለ ማሽን፣ ዛሬ ቨርቹዋል ማሽን የምንለው፣ የተወለደው እንዲህ ነው።

አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጽፉ ባለሙያዎች የዚህ ነገር ጥቅም ወዲያው ገባቸው። ያላለቀ ሥራቸውን በአንዱ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያስነሱታል፤ ከተበላሸ የሚወድቀው ያ ማሽን ብቻ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሒሳብ የሚሠራው ሰው ምንም ሳይሰማ ሥራውን ይቀጥላል። የማይታመንን ፕሮግራም ለብቻው ከልሎ መሞከር፣ ማንም ክፉ ፕሮግራም ጽፎ ከማሰራጨቱ በፊት የታወቀ ዘዴ ነበር ማለት ነው።

ክፉዎቹ ብዙ አልዘገዩም። በ1986 መጀመሪያ ላይ በፓኪስታን ላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች፣ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ፣ ብሬን የተባለውን የአይቢኤም ፒሲ የመጀመሪያ ቫይረስ ጻፉ። የሕክምና ሶፍትዌራቸውን ያለ ፈቃድ የሚገለብጡ ሰዎችን ለመያዝ ነበር ያሰቡት። ቫይረሱ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ከእጅ ወደ እጅ ዓለምን ዞረ። ኢንተርኔት አላስፈለገውም፤ ያስፈለገው «እስኪ ያንን ፕሮግራም ገልብጥልኝ» የሚል ወዳጅ ብቻ ነው። የወለጋን የኮምፒውተር ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም።

በኢትዮጵያ በዚያው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግእዝን ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስፈር ትግሉ ተጀምሮ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ፓወር ግእዝና ቪዥዋል ግእዝን የመሰሉ ፕሮግራሞች የየጸሐፊው ጠረጴዛ ዕቃ ሆኑ። ፊደላችን በዩኒኮድ መዝገብ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስም የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ ጊዜ፣ በ2007 መጀመሪያ ነበር። እስከዚያ ድረስ፣ አሮጌ ዊንዶውስ በያዘ ማሽን ላይ ደግሞ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው ሁሉ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም መጫን ነበረበት።

ወለጋ ላይ ይህ ነገር የራሱ መልክ ነበረው። በጥቅምት 1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በቁቤ እንዲጻፍ ተወስኖ ስለነበር፣ በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በሻምቡ ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራውን በማንኛውም ኪቦርድ፣ ምንም ሳይጨምር መጻፍ ይችል ነበር። ላቲን ፊደል ከማሽኑ ጋር አብሮ ይመጣል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የአማርኛ ደብዳቤ መጻፍ ሲመጣ ግን «የአማርኛው ሶፍትዌር ማን ጋር አለ?» ይባላል። ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም መቆለፊያው የተሰበረ፣ በሠፈርኛ ክራክ የተደረገ ቅጂ ነው። ክራኩን ማን እንደሠራው፣ ውስጡ ምን እንደጨመረበት የሚጠይቅ አልነበረም። ያመጣው ሰው ይታወቃላ!

ሰዉ ክራክ ውስጥ የገባው ስለ ሕግ ግድ ስለሌለው ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከነቀምት ሆኖ አንድን የውጭ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ያለ ሰው በምን ይከፍላል? ብር ከአገር ውጭ አይሠራም፤ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድም ተራው ሰው እጅ አይገባም ነበር። ኢንተርኔት አገራችን በ1989 ዓ.ም. ቢገባም ለረጅም ጊዜ በስልክ መስመር የሚንፏቀቅ፣ ዋና ከተማው ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለተቀመጠ ከተማ ፈጣኑ መስመር አውቶቡስ ነበር፤ በተሳፋሪ ኪስ ውስጥ ያለ ፍላሽ።

በ1999 ዓ.ም. ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምት ላይ ተከፈተ፤ በኋላም በጊምቢና በሻምቡ ካምፓሶች ነበሩት። ኮምፒውተር የነካ ወጣት ቁጥሩ በአንዴ ጨመረ። በዙሪያው ጽሕፈት ቤቶች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ሙዚቃና ፊልም በሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆች በዙ። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪ ፍላሹን ጽሕፈት ቤት ይሰካል፤ ከዚያ ዶርም ጓደኛው ላፕቶፕ ላይ፣ ከዚያ ላብራቶሪ፣ ቅዳሜ ደግሞ ደምቢ ዶሎ ወይም ነጆ ያለ ወንድሙ ማሽን ላይ። አንድ ፍላሽ በሳምንት ውስጥ ከስንት ኮምፒውተር ጋር እንደሚጨባበጥ ቆጥሮት የሚያውቅ የለም።

ያንን ዘመን ያለፈ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ጉድ አለ። ፍላሹን ትከፍታለህ፤ ፎልደሮችህ በቦታቸው አሉ፤ «ቴሲስ»፣ «ፎቶ»፣ «መዝሙር»። ልብ ብለህ ካየህ ግን በእያንዳንዱ ቢጫ ፎልደር ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ተቀምጣለች፤ መጠናቸውም ሁሉም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ነው። እውነተኞቹ ፎልደሮች ተደብቀዋል። የምታያቸው ሾርትከት ናቸው፤ አንዱን ስትጫን መጀመሪያ የተደበቀችውን ስክሪፕት ያስነሳል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትልሃል። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ፋይልህ ስለሚከፈት የጠፋ ነገር ያለ አይመስልህም። ማሽኑ ግን ተይዟል፤ ከዚህ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ እንደዚሁ ያደርጋል።

ከዚህ በፊት የነበሩት ቫይረሶች ይህን ያህል እንኳ አይደክሙም ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ የተጻፈውን ትእዛዝ ራሱ ለማስነሳት ይተባበር ስለነበር፣ በኅዳር 2008 እ.ኤ.አ. የተነሣው ኮንፊከር ከኔትወርክ በተጨማሪ በዚሁ በር ገብቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን ያዘ። ማይክሮሶፍት በሩን ለአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች የዘጋው በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. በላከው ማስተካከያ ነው። ማስተካከያው የሚደርሰው ግን ኢንተርኔት ላይ ላለ ማሽን ነው። ክራክ በሆነ ኤክስፒ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ማስተካከያ እንዳይገባ ራሱ ያጠፋዋል፤ «ያልተፈቀደ ቅጂ» የሚለው ጥቁር ስክሪን እንዳይመጣበት።

የኢንተርኔት ካፌዎች የራሳቸውን መድኃኒት አገኙ፤ ዲፕ ፍሪዝ። ይህ የካናዳ ፕሮግራም ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ዲስኩን ወደ ታሰረበት ቀን ይመልሰዋል። ደንበኛው ምንም ቢጭን፣ ምንም ቢሰካ፣ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም የለም። ቨርቹዋል ማሽን አይደለም፤ አስተሳሰቡ ግን ጎረቤቱ ነው፤ ክፉውን ለይቶ ከማወቅ ይልቅ የነበረውን ማስቀመጥና ወደዚያ መመለስ። ጉድለቱ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ቫይረሱ እንደልቡ ስለሚሠራ፣ ከሰዓት የመጣው ደንበኛ የሚጽፈውን የይለፍ ቃል ጠዋት የገባው ቫይረስ ሊያነበው መቻሉ ነው።

የአይቢኤም አሳብ በዚህ መሐል ወደ ተራው ኮምፒውተር ወርዶ ነበር። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የኢንቴል ማቀነባበሪያ ለዚህ ሥራ ታስቦ አልተሠራም። በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቪኤምዌር የማይመቹትን ትእዛዞች በሩጫ ላይ እየተረጎመ የሚያልፍበት ዘዴ አበጅቶ በ1999 ምርቱን አወጣ። ኢንቴል ራሱ በኅዳር 2005 እ.ኤ.አ.፣ ኤኤምዲ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ለዚህ የሚሆን አቅም በማቀነባበሪያቸው ውስጥ ጨመሩ። ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው ግን ጥር 2007 እ.ኤ.አ. ነው። ኢኖቴክ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ቨርቹዋልቦክስን በነፃ ለቀቀው፤ በኋላ ፕሮግራሙ በሰን፣ ከዚያም በኦራክል እጅ ገባ። ክራክ የማያስፈልገው፣ የሚያምን ሰው ሳይሆን የሚጠራጠር ሰው መሣሪያ፣ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን በተቀበለበት ሰሞን ተገኘ።

መገኘቱና መጠቀሙ ግን ለየቅል ናቸው። 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ባለው ማሽን ላይ ሌላ ማሽን ማስነሳት ሁለቱንም ማሰቃየት ነው። 4 ጊጋባይት ያላቸው ላፕቶፖች ሲገቡ ደግሞ ሌላ እንቅፋት መጣ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ማቀነባበሪያው የተሰጠው አቅም ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነው። ተማሪው ቨርቹዋልቦክስን ጭኖ ሲያስነሣው ቀይ የስሕተት መልእክት ያያል፤ «ላፕቶፔ አይችልም» ብሎ ይተወዋል። ሲነሣ ኤፍ2 ወይም ኤፍ10 ተጭኖ አንዲት መስመር ቢቀይር ይበቃው ነበር።

ፕሮግራሙንና ውስጡ የሚጫነውን ዊንዶውስ ማምጣትም አንድ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ ሙሉ ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ ነቀምት ላይ ይህንን ማውረድ አይታሰብም ነበርና ሁለቱም በፍላሽ ይመጡ ነበር። የተጠረጠረን ለመመርመሪያ የሚያገለግለው መሣሪያ ራሱ ተጠርጣሪ ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። አንዳንዱ ነፃው እያለ ክራክ የሆነ ቪኤምዌር ይጭናል፤ ይህን አይቼ ስቄም ተናድጄም አውቃለሁ። መፍትሔው ዲጂታል አሻራ ነው። የቨርቹዋልቦክስ አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት አሻራ ያወጣሉ፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለ ትእዛዝ የእጅህን ፋይል አሻራ ያለ ኢንተርኔት ያሰላልሃል። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛ ዋናውን አሻራ ከአዘጋጆቹ ገጽ ከፍቶ በስልክ ያነብልሃል። የመጀመሪያዎቹን ስምንትና የመጨረሻዎቹን ስምንት ብታመሳክር እንኳ መንገድ ላይ የተበላሸውን ወይም ተራ ሰው የነካካውን ፋይል ትይዛለህ፤ ጊዜና ካርድ ካለህ ደግሞ 64ቱንም። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ የስልክ ወሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለዓይን ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያውቅ ባለሙያ ቨርቹዋል ማሽኑን በምትሸከመው እናት ማሽን ላይ ኡቡንቱ የተባለ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጭናል፤ ፍላሹ መጀመሪያ የሚነካው እሷን ስለሆነ፣ ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ እዚያ ላይ እንዳይነሣ። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ለኤክስፒ 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ይበቃዋል። ሁሉም ሲስተካከል ስናፕሾት ያነሣል፤ ያ ቅጽበት እንዳለ ይቀመጣል። ከስናፕሾቱ በፊት ግን ሽቦዎቹን ይቆርጣል፤ የኔትወርክ ካርዱን ያነሣል፣ በእናት ማሽኑና በውስጠኛው መካከል ያለውን የጋራ ፎልደር ይዘጋል፣ ኮፒ አድርጎ ማሻገሪያውን ያጠፋል። ሰዎች የሚረሱት ይህንን ነው። የጋራ ፎልደር ክፍት ትቶ ቫይረስ መሞከር፣ አስቸጋሪን እንግዳ በግቢው ጥግ ባለ ጎጆ አሳድሮ የዋናውን ቤት ቁልፍ መስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚያደርገው የተጠረጠረውን ፕሮግራም አስነሥቶ መመልከት ነው። አማርኛ መጻፊያ ነኝ ያለው ፋይል ኪቦርድ ብቻ ነው የሚጭነው? ወይስ ማሽኑ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ሌላ ነገር በጀርባ ያስቀምጣል? ለምን ስሙ እንደ ዊንዶውስ ፋይል የሆነ፣ ቦታው ግን የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የሆነ ፕሮግራም ተነሣ? ባዶ የሙከራ ፍላሽ ቢሰካ ቀስት ያለባቸው ፎልደሮች ይታያሉ? ይህን ሁሉ ካየ በኋላ ወደ ስናፕሾቱ ይመለሳል፤ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል። የነቀምት መብራት መሐል ላይ እልም ካለ ደግሞ ያው ነው፤ ከተቀመጠው ቅጽበት እንደገና መጀመር ነው።

በዚህ ዓይነት የጽሕፈት ቤት ቫይረስ ስንጨነቅ፣ ከበድ ያለው ነገር በሌላ በኩል ይመጣ ነበር። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ ለመንግሥታት የሚሸጥ የስለላ ፕሮግራም የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ መገኘቱን ገለጠ፤ የሚገናኝበት ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ ነበር። በታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ላይ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጥቃት ተሞከረ፤ ጽሑፍ መስሎ የመጣው ፋይል የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ተወካዮች ክሱን አስተባበሉ። በሰኔ መጨረሻ 2007 ዓ.ም. ግን ሃኪንግ ቲም ራሱ ተዘርፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ወጣ፤ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ደንበኛው እንደነበርና 1 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉ እዚያ ውስጥ ተገኘ።

ወለጋን በቀጥታ የሚነካው ምዕራፍ ቀጥሎ መጣ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ምዕራብ ኦሮሚያን ሁሉ አዳረሰ፤ በዚያ ጊዜ በነቀምትና በዙሪያዋ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ሚኒያፖሊስ ላይ በተቋቋመው በኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ፣ በኦኤምኤን ላይ ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ የብዙ ሰው ሕይወት አለፈ። በሳምንት ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ቀጥሎም በወጣው መመሪያ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መመልከት ተከለከለ። በእነዚያው ቀናት ለጣቢያው ዳይሬክተር ለጃዋር መሐመድ ቪዲዮ አለበት የሚል ኢሜይል ደረሰ። ሊንኩ የሚወስደው ታዋቂ የኤርትራ ቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ሌላ ገጽ ነበር፤ ገጹም «ፍላሽ ፕሌየርህ አርጅቷልና አድሰው» ይላል። የሚጫነው ፋይል እውነተኛው ፍላሽ ፕሌየር ነበር፤ ሰላዩ አብሮት ተቋጥሮ።

ይህን ያነበበ የነቀምት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ዘዴውን ወዲያው ያውቀዋል። ያችው ቀስት ያለባት ፎልደር ናት፤ የፈለግከውን ይሰጥሃል፤ ስለሰጠህ አትጠራጠርም። ልዩነቱ ጃዋር ኢሜይሉን ለሲትዝን ላብ መላኩ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል የሚመረመረው ከላይ እንደተባለው ነው፤ በተከለለ ማሽን ላይ ይነሣል፣ ከየት ጋር ሊገናኝ እንደሞከረ ይመዘገባል፣ ማሽኑ ይጣላል። ምርመራው ከአንድ ዓመት በላይ ወስዶ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ታተመ። ፕሮግራሙ የእስራኤሉ ኤልቢት ሲስተምስ ቅርንጫፍ የሆነው የሳይበርቢት ምርት ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ቢል ማርዛክ ራሱ ተሞክሮበታል። ከሁሉም የሚገርመው ግን ሰላዮቹ የሚጠቀሙበት ሰርቨር መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በሃያ ያህል አገሮች የተያዙ ማሽኖች ከዚያ ተነበቡ። የሰው ገመና ሊያይ የተነሣ የራሱን በር መዝጋት ረሳ።

ክፉ ጸሐፊዎቹም ዝም ብለው አልተመረመሩም። በ2007 ዓ.ም. በወጣው የሃኪንግ ቲም ሰነድ ውስጥ የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ጭምር ነበር፤ እዚያ ላይ እንደታየው መጀመሪያ የሚላከው «ስካውት» የተባለ ቀላል አሳሽ ነው። ስካውቱ ያለበት ማሽን ቪኤምዌር ወይም ቨርቹዋልቦክስ መሆን አለመሆኑን ይመረምራል። ከጠረጠረ ዋናው ሰላይ አይመጣም። በሌሎች ፕሮግራሞችም የዲስኩን መጠን የሚለኩ፣ ማውስ እስኪንቀሳቀስ የሚጠብቁ፣ ለሰዓታት የሚተኙ አሉ። ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ምንም ያላደረገ ፕሮግራም ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። የሚመረምረው ሰው ማሽኑን ያገለገለ ሊያስመስል ይገደዳል፤ አሮጌ ፎቶዎች፣ ግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ደህና የዲስክ መጠን ይሰጠዋል። አጥሩም ቢሆን ፍጹም አይደለም። በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. የተገለጠው ቬኖም የተባለ ቀዳዳ፣ ማንም በማይጠቀምበት የፍሎፒ ዲስክ ክፍል በኩል ከቨርቹዋል ማሽን ወደ እናት ማሽን የሚያሻግር ነበር። ላሆር ላይ በፍሎፒ የተጀመረው ጣጣ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላም አልለቀቀንም።

ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ወለጋ ከመስመር ወጣ። መንግሥት በታጣቂዎች ላይ ዘመቻ ይዞ በነበረበት ጊዜ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ የቤት ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክና የጽሑፍ መልእክት በትልልቅ ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ሒውማን ራይትስ ዎችና ሌሎች ድርጅቶች አቤቱታ አሰሙ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ደግሞ መረጃ ያልደረሰውን ሕዝብ ጉዳይ አስቸኳይ አደረገው። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው፤ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው።

ስለዚያ ጊዜ ሲነገር ከዘመድ መቆራረጡ፣ የባንክ ሥራ መሰናከሉ፣ ሐኪም መጥራት አለመቻሉ ይነሣል፤ ይህ ሁሉ ትክክል ነው። የኮምፒውተር ሰው የሚያየው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንቲቫይረስ በየቀኑ አዲስ የቫይረስ ዝርዝር ካልደረሰው ያረጃል፤ የዊንዶውስ ማስተካከያም አይገባም። ፋይል እንደገና በፍላሽ ብቻ መዞር ጀመረ። ጊምቢ ያለ ሰው የመጣለትን ፋይል አሻራ ለማመሳከር አዲስ አበባ ልደውል ቢል ስልኩ የለም። ቀድሞ የተዘጋጀ ቨርቹዋል ማሽን ያለው ሰው ግን ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ሊመረምር ይችል ነበር፤ ማንንም አይጠይቅም፣ ከማንም ዝርዝር አይጠብቅም። በሰኔ 22 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ የአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ፤ ያኔ አዲስ አበባም የወለጋን ኑሮ ቀመሰች።

ማይክሮሶፍት በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ሳንድቦክስ የተባለ ለሙከራ የሚሆን ዝግጁ መስኮት በዊንዶውስ 10 ውስጥ አስገብቷል። ተከፍቶ ሲዘጋ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ሆም የሚባለው ተራው ዊንዶውስ ግን አልተሰጠውም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛው ደግሞ እሱ ነው። ሲከፈትም ኢንተርኔቱ ክፍት ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ ተጠቃሚው በራሱ ማዋቀሪያ ፋይል ካልዘጋው።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ገንዘቡ ወደ ስልክ ገባ፤ ቫይረሱም ተከተለው። ዛሬ ነቀምት ላይ ፍላሽ የሚጠይቅህ ሰው ጥቂት ነው፤ ኤፒኬ የሚባለው የስልክ ፕሮግራም መጫኛ ፋይል በቴሌግራም ይላካል፣ ካልሆነም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። «ይህን ጫነው፣ ኳስ በነፃ ያሳያል» ይላል ላኪው፤ አሁንም የሚታወቅ ሰው። የተጫነው ፕሮግራም የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው ደግሞ በጽሑፍ መልእክት ነው። ኳስ ለማሳየት መልእክት ማንበብ ምን ይሠራለታል?

ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ኤፒኬ በአንድሮይድ ኢሙሌተር ላይ ጭኖ የሚጠይቃቸውን ፈቃዶች ማየት ይችላል፤ አሳቡ ያው የካምብሪጁ ነው። የባንክ ፕሮግራም ሲሆን ግን ይህ መንገድ ብዙ አያስኬድም። ብዙ የባንክ ፕሮግራሞች ለደንበኛው ጥበቃ ሲባል ኢሙሌተር ላይ አልሠራም ይላሉ፤ የተንኮል ፕሮግራሞችም እንዳይያዙ በዚያው ላይ ይደበቃሉ። ሁለቱም ዝም ሲሉ ከውጭ ላለው ተመልካች አንድ ናቸው። ለዚህ ዓይነቱ ፋይል የሚሠራው ያው እንደ አሻራው ከምንጩ ማረጋገጥ ነው፤ ባንኩ ራሱ ካስቀመጠበት ከፕሌይ ስቶር ማውረድ፣ የመጣውንም ኤፒኬ ለላከው ወዳጅ «አልጫንኩትም፤ አንተም አጥፋው» ብሎ መመለስ።